ከሞርሞን ጎረቤቶች ጋር ስለ መኖር፤ የጅምላ ፍርድና እውነተኛው ኑሮ

መግቢያ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባል በአገራችን የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤት ብዙውን ጊዜ በምርጫ አይገኝም። ሰው ቤት ሲከራይ ወይም ሲገዛ የዋጋውን ልክ፣ የውሃውን ነገርና የመንገዱን ርቀት ይጠይቃል እንጂ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚጠጣና እሑድን በምን እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ አይመረምርም። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው። ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ መንደር የሚኖሩት ኑሮ የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎችን ትኵረት የሚስበውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ጕዳይ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱን፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘውን የዩታን ግዛት ነው። በ2020 በተደረገው ቈጠራ የዩታ ሕዝብ ከ3 ሚሊዮን 270 ሺህ በላይ ነበር። በቤተ ክርስቲያኒቱ መዝገብ መሠረት ከዚህ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው በተለምዶ «ሞርሞን» የሚባለው ሃይማኖት አባል ነው። ሞርሞን ያልሆነ ሰው ወደዚያ ሄዶ ሲቀመጥ ስለ ጎረቤቶቹ ብዙ ነገር አስቀድሞ ሰምቶ ይደርሳል። ከሰማው አንዳንዱ በአንድ ዘመን እውነት የነበረ አሁን ግን የቀረ፣ አንዳንዱ ከልብ ወለድ የተቀዳ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬም እውነት የሆነ ነው። የጽሑፋችን ዓላማ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማሳየት ነው። የሃይማኖቱን ትምህርት ለመደገፍም ሆነ ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ የምንመረምረው ጕርብትናውን ነው።

አንባቢ እንዲያውቅልን የምንፈልጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ የሃይማኖቱ ሙሉ ስም «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ሲሆን፣ በ2018 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ራስል ኔልሰን «ሞርሞን» የሚለው ቅጽል ስም እንዲቀርና በሙሉ ስሙ እንዲጠሩ ጠይቀዋል። እኛ አጭሩን ስም የምንጠቀምበት አንባቢ የሚያውቀው እርሱን ስለ ሆነ እንጂ ለማቃለል አይደለም።

፩. የጅምላ ፍርድ ምንድን ነው?

ስለ አንድ ወገን ሰዎች በጅምላ የሚሰጥን የማይለዋወጥ አስተያየት ለመግለጽ በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚሠራበት ቃል ከማተሚያ ቤት የተገኘ ነው። በማተሚያ ቤት አንድ ጊዜ በብረት የተቀረጸ ገጽ ሺህ ጊዜ ቢታተም ያው ገጽ ነው። ይህን ቃል ወደ ማኅበራዊ ጥናት ያስገባው አሜሪካዊው ጸሐፊ ወልተር ሊፕማን ነው፤ ዘመኑም 1922 ነው። እንደ ሊፕማን ሐሳብ፣ ሰው ብዙ ጊዜ አይቶ አይፈርድም፤ አስቀድሞ ፈርዶ ያያል።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1954 ባሳተመው ስለ ጥላቻ ባሕርይ በሚያትተው መጽሐፉ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስገንዝቧል። ሰው ሁሉ ሳያውቅ ይሳሳታል፤ እውነቱ ሲነገረው አስተያየቱን ካረመ ግን ነገሩ ተራ ስሕተት ነው። ማስረጃ ሲቀርብለት የሚቈጣና አስተያየቱን የማይለቅ ሲሆን ያን ጊዜ ጥላቻ ይባላል። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ነገሮች በአብዛኛው ከመጀመሪያው ዐይነት እንደ ሆኑና በማስረጃ ሊታረሙ እንደሚችሉ እናምናለን።

፪. የታሪኩ አጭር መግለጫ

የጅምላ ፍርዱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ታሪኩን በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በኒው ዮርክ ግዛት በሚያዝያ 6 ቀን 1830 በጆሴፍ ስሚዝ ተመሠረተች። መጽሐፈ ሞርሞን የታተመውም በዚያው ዓመት ነው። ተከታዮቹ ከኒው ዮርክ ወደ ኦሃዮ፣ ቀጥሎም ወደ ሚዙሪ ሄዱ። በሚዙሪ አዲሶቹ ሰዎች በብዛት እየመጡ መሬት ሲይዙና አንድ ሆነው ድምፅ ሲሰጡ ነባሮቹ ሰፋሪዎች ሰጉ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ በጥቅምት 1838 የግዛቱ አገረ ገዥ ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች ከግዛቱ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ የሚል ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ ከወጣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሐውንስ ሚል በተባለ ቦታ 17 ሰዎች ተገደሉ። ያ ትእዛዝ በሕግ የተሻረው በ1976 ነው።

ከሚዙሪ የተባረሩት ሰዎች በኢሊኖይ ግዛት ናቩ የተባለ ከተማ ቈረቈሩ። እዚያም ጠብ አልቀረም። በሰኔ 27 ቀን 1844 ጆሴፍ ስሚዝና ወንድሙ ሃይረም በካርቴጅ ወኅኒ ቤት ሳሉ የታጠቁ ሰዎች ገብተው ገደሏቸው። ከዚህ በኋላ ብሪገም ያንግ ሕዝቡን መርቶ፣ በጋሪና በእግር ሜዳውንና ተራራውን አቋርጦ፣ በሐምሌ 24 ቀን 1847 ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሰ። ይህ ቀን እስከ ዛሬ በዩታ የሕዝብ በዓል ነው።

የመከራው ታሪክ ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። በመስከረም 1857 ከአርካንሶ ወደ ካሊፎርኒያ የሚጓዙ 120 ያህል ሰዎች በደቡብ ዩታ ማውንቴን ሜዶስ በተባለ ስፍራ የሞርሞን ሚሊሻዎች ገደሏቸው። ስለዚህ ድርጊት በፍርድ የተቀጣው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን የተገደለውም ከ20 ዓመት በኋላ በ1877 ነው። አንዱ ወገን ሚዙሪን፣ ሌላው ወገን ማውንቴን ሜዶስን ያስታውሳል። ሁለቱም የሚያስታውሱት እውነት ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው የቀድሞውን በደል የዛሬው ጎረቤት በር ላይ ሲያኖሩት ነው።

ቶማስ ኦዴይ የተባለ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ የሆነ የሶሲዮሎጂ ሊቅ በ1957 ስለ ሞርሞኖች ባሳተመው መጽሐፍ፣ አብሮ መሰደድ፣ አብሮ መስፈርና አብሮ በረሃውን በመስኖ ማልማት እነዚህን ሰዎች ከአንድ ሃይማኖት ተከታይነት አልፈው ራሱን የቻለ ሕዝብ ወደ መሆን እንዳቃረባቸው አስረድቷል። ይህን ሐሳብ የተረዳ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ብዙ ነገር በቀላሉ ይረዳል።

፫. የተለመዱ የጅምላ ፍርዶች

ሀ. «ብዙ ሚስት ያገባሉ» የሚለው

ይህ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋ ነው። መሠረቱ እውነት ነበር። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት በቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች በ1852 በይፋ ተነገረ፤ ይሁንና በዚያም ዘመን አብዛኛዎቹ ቤተሰቦች የአንድ ባልና የአንድ ሚስት ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት በ1862፣ በ1882ና በ1887 ተከታታይ ሕጎች አወጣ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ1879 የሃይማኖት ነጻነት ለዚህ ጋብቻ ከለላ እንደማይሆን ፈረደ። በ1890 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ዊልፈርድ ውድረፍ ልማዱ እንዲቀር አወጁ፤ ዩታም በ1896 ሙሉ የግዛትነት መብት አገኘች። በ1904 ሁለተኛ መግለጫ ወጥቶ፣ ይህን ጋብቻ የሚፈጽም ሁሉ ከአባልነት እንዲወገድ ተወሰነ።

በዩታና በአሪዞና ድንበር ላይ እስካሁን ብዙ ሚስት የሚያገቡ አነስተኛ ወገኖች አሉ። እነርሱ ግን ልማዱን አንተውም ብለው የተለዩ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ለሞርሞን ጎረቤቱ «ስንት ሚስት አለህ?» ብሎ የሚቀልድ ሰው፣ ከመቶ ዓመት በላይ በመወገዝ የሚያስቀጣን ነገር ነው የሚጠይቀው።

ቀልዱ ይህን ያህል የቈየበት ምክንያት በከፊል ሥነ ጽሑፍ ነው። ኮናን ዶይል በ1887 ያሳተመው የመጀመሪያው የሸርሎክ ሆምስ ታሪክ፣ በዩታ አንዲት ልጃገረድ በግድ ስትዳርና አባቷ ሲገደል የሚያሳይ ክፍል አለው። በ1922 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሞርሞኖች ሴት ልጆችን አጥምደው ሲወስዱ የሚያሳይ ፊልም ተሠርቷል። ዩታን በዐይኑ ያላየ ስንት አንባቢና ተመልካች ዕውቀቱን ከእነዚህ እንደ ቀዳ መገመት አያስቸግርም።

ለ. «መሪያቸው ያለውን ሁሉ እንደ አንድ ሰው ይፈጽማሉ» የሚለው

መሪዎቹ በምእመናኑ ዘንድ ታላቅ ክብር እንዳላቸው አይካድም። ከዚህ ተነሥቶ ግን ጎረቤቱ የራሱ አሳብ የለውም ማለት ስሕተት ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የ1933 ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ መጠጥን የሚከለክለው ሕግ ይሻር አይሻር ተብሎ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ፕሬዚዳንት ኸበር ግራንት መጠጥ የሚያወግዝ ሃይማኖት መሪ እንደ መሆናቸው ሕጉ እንዳይሻር አጥብቀው ይመክሩ ነበር። የዩታ ሕዝብ ግን እንዲሻር ድምፅ ሰጠ። ሕጉ እንዲሻር የ36 ግዛቶች ስምምነት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ሠላሳ ስድስተኛ ሆና ጕዳዩን የፈጸመችው ዩታ ሆነች። እኚሁ መሪ ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አይደግፉም ነበር፤ ዩታ ግን ሩዝቬልት በተወዳደሩባቸው አራት ምርጫዎች ሁሉ መርጣቸዋለች።

ሐ. «ቡና ስለማይጠጡ ከሰው ጋር አይገጥሙም» የሚለው

ሞርሞኖች ከ1833 ጀምሮ በሚታወቅ ትምህርት መሠረት የአልኮል መጠጥ፣ ትምባሆ፣ ቡናና ሻይ አይወስዱም። በአገራችን ጕርብትና የሚጀመረው «ቡና ጠጡ» በመባባል ስለ ሆነ፣ ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሆኖ ሊታየው ይችላል። ጥሪን አለመቀበል መናቅ ይመስላልና። ይሁን እንጂ የእኛም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቡናን የእስላሞች መጠጥ ናት በማለት ምእመናንን ትከለክል ነበር። ቡናን አልጠጣም ያለው አያታችን እስላም ጎረቤቱን የጠላ አልነበረም፤ የራሱን ወሰን መጠበቁ ነበር። የሞርሞኑም ነገር ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ ሌሎች ጥቃቅን ስሕተቶችም አሉ። አንዳንዱ በሞርሞን ፊት ቡና መጠጣት ነውር ይመስለዋል፤ አይደለም፤ የተከለከለው ለአባሉ ነው። አንዳንዱም በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ራሱ የተከለከለ ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2012 የለስላሳ መጠጥ ካፌይን በትምህርቱ እንዳልተከለከለ ገልጻለች፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት የሆነው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲም ከ2017 ጀምሮ እነዚህን መጠጦች በግቢው ይሸጣል። ሞርሞን እንግዳ የሚጋብዝ ሰው ትኩስ ቸኮላታ፣ ወተት ወይም ከሻይ ቅጠል ያልተዘጋጀ የዕፀዋት መጠጥ ቢያቀርብ ጨዋታው ከቡናው ጨዋታ አያንስም።

መ. «ደግነታቸው ሁሉ ለስብከት ነው» የሚለው

አዲስ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲገባ ዳቦ ወይም ጣፋጭ ይዞ መምጣት፣ ዕቃ ማውረድ፣ በክረምት ከደጃፉ በረዶ መጥረግ በዩታ የተለመደ ነው። ብዙ አዲስ ገቢዎች ይህን ሲያዩ «ነገ መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ» ብለው ይጠራጠራሉ።

ፍርዱ ከፊል እውነት አለው። ሞርሞኖች ሰባኪዎች ናቸው፤ ወጣት ወንዶች ለ2 ዓመት፣ ወጣት ሴቶች ለ18 ወር ቤታቸውን ትተው፣ ሁለት ሁለት ሆነው እየዞሩ ያስተምራሉ። ማንኛውም አባል እምነቱን ለጎረቤቱ እንዲያካፍል ይመከራል። ነገር ግን ስብከት የሚያመጣው ሰውና ዳቦ የሚያመጣው ሰው ሁልጊዜ በአንድ አሳብ አይመጡም። ዳቦው የሚመጣው በብዙው ከሰፈሩ ሥርዐት ነው፤ ይህንንም ቀጥሎ እናብራራለን። ጎረቤት የሚጐዳው ዳቦው ሲመጣ አይደለም፤ «አመሰግናለሁ፣ ሃይማኖቴን አልለውጥም» ካለ በኋላ ወዳጅነቱ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ነው።

ሌላውም ወገን ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ አልነበረም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የፕሬስቢቴሪያን፣ የሜቶዲስትና የኮንግሪጌሽናል ሚሲዮኖች በዩታ ብዙ ትምህርት ቤቶች የከፈቱት የሞርሞን ልጆችን ከወላጆቻቸው ሃይማኖት ለመመለስ በማሰብ ነበር። ነጻ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሕግ የተደነገገው በ1890 ስለ ሆነ፣ ብዙ የሞርሞን ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እነዚሁ ላኩ። ልጆቹ ንባቡንና ሒሳቡን ተምረው አብዛኛዎቹ በአባቶቻቸው ሃይማኖት ጸኑ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ይህ ለማመን የሚያስቸግር ታሪክ አይደለም።

ሠ. «የሚደብቁት ነገር አለ» የሚለው

ይህ የሚመጣው ሁለት ዐይነት ሕንጻዎችን ካለመለየት ነው። የእሑድ ጸሎት የሚደረግበት አዳራሽ ለማንም ሰው ክፍት ነው። ቤተ መቅደስ የሚሉት ሌላ ሲሆን፣ ከተመረቀ በኋላ የሚገባው ከአለቃው የፈቃድ ወረቀት ያለው አባል ብቻ ነው። ከምረቃው በፊት ግን ሕዝብ ሁሉ ገብቶ እንዲያየው ይደረጋል። ከልብሳቸው ሥር ስለሚለብሱት ልብስም ብዙ ይቀለዳል፤ እርሱ በቤተ መቅደስ የገቡትን ቃል ኪዳን የሚያስታውስ ምልክት ነው። ማተብ በአንገቱ የሚያስር ሕዝብ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሆኖም ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ እውነተኛ ሐዘን አለ። የቤተ መቅደስ ጋብቻ ሲፈጸም አባል ያልሆነ ወላጅ ሊገባ አይችልም፤ በውጭ ሆኖ ይጠብቃል። በአሜሪካ በሕግ ፊት ብቻ አስቀድመው የተጋቡ ሙሽሮች ወደ ቤተ መቅደስ ለመግባት አንድ ዓመት መቈየት ነበረባቸው። ስለዚህ ብዙ ሙሽሮች ወላጆቻቸው ሳያዩዋቸው ተጋብተዋል። ይህ ደንብ በግንቦት 2019 ተነሥቷል። አሁን ሙሽሮቹ አስቀድመው ዘመድ ጎረቤት በተሰበሰበበት ተጋብተው ወዲያው ወደ ቤተ መቅደስ ለመሄድ ይችላሉ።

ረ. ስለ ዘርና ስለ ክርስትና የሚባለው

«ጥቁር ሰው አይቀበሉም» የሚለው አሳብ ለእኛ ለአፍሪካውያን ያለ ማድበስበስ ሊነገር የሚገባው ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ከአፍሪካ ዘር የሚወለድ ወንድ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ክህነት አይሰጠውም ነበር። ይህ ስም ማጥፋት ሳይሆን የተፈጸመ ታሪክ ነው። ክልከላው በ1978 ተነሣ፤ በ2013 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቀድሞ ለክልከላው ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች እንደማትቀበል በጽሑፍ አስታወቀች። ከ1996 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት አባሎች ከአሜሪካ ውስጥ ካሉት ይበልጣሉ።

ክርስቲያን ናቸው አይደሉም የሚለው ክርክር የነገረ መለኮት ክርክር ነው። እነርሱ ክርስቲያን ነን ይላሉ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጥምቀታቸውን እንደማትቀበል በ2001 ወስናለች። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከጎረቤት ጋር በሰላም ለመኖር በአጥር ላይ ቆሞ መወሰን አያስፈልግም።

፬. የአጥቢያው ሥርዐት

ከላይ ያልነውን ሁሉ የሚያስተሳስረው «ዋርድ» የተባለው ሥርዐት ነው። ዋርድ ማለት አጥቢያ ማለት ነው። አንድ ሞርሞን የሚወደውን ሰባኪ መርጦ አይሄድም፤ የሚሄደው ቤቱ ወደሚገኝበት አጥቢያ ነው። አንዱ አጥቢያ ጥቂት መቶ ሰዎች ይኖሩታል። አባሎች በበዙበት የዩታ ሰፈር አንድ አጥቢያ ጥቂት መንገዶችን ብቻ ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ የሰፈሩ ወሰንና የጉባኤው ወሰን አንድ ይሆናል።

የአጥቢያው አለቃ «ቢሾፕ» ይባላል። ይህን ቃል ስንሰማ መነኵሴ የሆነ ጳጳስ እንዳይመስለን። ሚስትና ልጆች ያሉት፣ በሳምንቱ ቀን መምህር ወይም የጥርስ ሐኪም ወይም ገበሬ የሆነ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፤ አምስት ዓመት ያህል አገልግሎ ሥራውን ለሌላ ያስረክባል። ሌሎቹም አባሎች አንዱ ልጆች ያስተምራል፣ አንዱ መዝሙር ይመራል። በ1842 የተመሠረተው የሴቶች ማኅበር የወለደችውን ይጠይቃል፣ ለታመመው ምግብ ያደርሳል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብም የሚጎበኝ ሰው ይመደብለታል። በወር አንድ እሑድ ሁለት ጊዜ ምግብ ሳይበሉ ይጾማሉ፤ የምግቡንም ዋጋ ለድኾች ይሰጣሉ። ከገቢያቸውም አሥራት ይከፍላሉ።

ይህ ጾም ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። በኢትዮጵያ ረኀብ በነበረ ጊዜ፣ በጥር 27 ቀን 1985 በሰሜን አሜሪካ ያሉት አባሎች አንድ ቀን ልዩ ጾም ጾመው ከ6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አዋጥተዋል። ከገንዘቡ የተወሰነው በካቶሊክ የርዳታ ድርጅት እጅ ጭምር ለረኀብተኞች ደርሷል።

እድርና ሰንበቴ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥርዐት እንግዳ አይሆንበትም። የእድርን ጥቅም የሚያውቅ ሰው ግን ጕድለቱንም ያውቃል፤ አባል ያልሆነ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ከማን ይመጣል? የዋርድም ችግር ከዚሁ ይነሣል።

፭. እውነተኛው ቅሬታ

ሞርሞን ያልሆኑ የዩታ ነዋሪዎች ከሚያሰሟቸው ቅሬታዎች ዋነኛው ስድብ ወይም ጠብ አይደለም፤ መገለል ነው። መገለሉም ብዙ ጊዜ ማንም ሳያስበው የሚደርስ ነው። አባሎቹ እሑድ አብረው ይጸልያሉ፤ በሳምንቱ መካከል ልጆቻቸው አብረው ይሰበሰባሉ፤ ሰኞ ማታ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ይሆናል። የአጥቢያ ሥራ የተረፈውን ሰዓት ይወስደዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሌላው ጎረቤት ጊዜ አይተርፍም። እርሱ ግን ሰው ሁሉ ሲገናኝ ከመስኮቱ ያያል፤ እንደ ጠሉትም ይቈጥረዋል።

ነገሩ የሚከብደው በልጆች ላይ ነው። ከ1912 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሶልት ሌክ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ለተማሪዎች የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጥበት ቤት ተሠርቷል። በትምህርት ሰዓት መካከል ተማሪዎች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ልማዱም በዩታ ተስፋፍቷል። በአንድ ክፍል ብዙዎቹ ሲወጡ የሚቀረው ልጅ ማንም ሳይነግረው የተለየ መሆኑን ያውቃል። ከዚህ የከፋው ወላጅ ልጁን «ከእነርሱ ልጅ ጋር አትጫወት፤ የእኛ ሃይማኖት አይደሉም» ያለ እንደ ሆነ ነው።

ይህ የነቃፊዎች ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳው ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሐዋርያት አንዱ የነበሩት ራስል ባላርድ በጥቅምት 2001 በጠቅላላው ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ነው። ባላርድ እንዲህ ያሉ ወላጆች እንዳሉ መስማታቸውን ገልጸው ድርጊቱን አጥብቀው ነቀፉ። «አባል ያልሆነ» እያሉ ሰውን መጥራት እንዲቀርም መከሩ፤ ሰው ባልሆነው ነገር ሊጠራ አይገባውምና። የአንድ ወገን መሪ የራሱን ወገን በአደባባይ ሲያርም ችግሩ መኖሩንም፣ ሊታረም የሚቻል መሆኑንም ያሳያል።

በሌላው በኩል ሞርሞኖችም ስለ ጎረቤቶቻቸው የጅምላ ፍርድ አላቸው። በቀድሞው ዘመን ሌላውን ሁሉ «አሕዛብ» ይሉ ነበር። ዛሬ ቃሉ ቢቀርም፣ ቢራ የሚጠጣ ሁሉ ቤቱ የተናጋ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚተች ሁሉ የሚዙሪን ሰዎች መንፈስ የያዘ አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። ከሁሉም የከበደው ደግሞ አባል ሆኖ አድጎ የተወው ሰው ኑሮ ነው። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ይባላል፤ ይህኛው ግን ለወላጆቹ ሐዘን፣ ለአንዳንድ ጎረቤቶቹ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ የዩታ መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች «ሞርሞንና ሌላ» ተብለው በሁለት አይከፈሉም። አጥብቆ የሚያምን፣ በስም ብቻ ያለ፣ ትቶ የወጣ፣ ከመጀመሪያውም ያልነበረበት አለ። በሶልት ሌክ ካውንቲም በ2018 በታወቀው ቍጥር መሠረት የአባሎቹ ብዛት ከሕዝቡ ከግማሽ በታች ወርዷል።

፮. ጥላቻን የሚያቀልለው ምንድን ነው?

ፒው የተባለው የጥናት ድርጅት በ2023 ባወጣው መጠይቅ፣ ስለ ሞርሞኖች በጎ አስተያየት ያላቸው አሜሪካውያን 15 በመቶ፣ መጥፎ አስተያየት ያላቸው 25 በመቶ ያህል ነበሩ። ሮበርት ፐትነምና ዴቪድ ካምቤል በ2010 ስለ አሜሪካ ሃይማኖቶች ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ለዚህ አንድ ምክንያት ሰጥተዋል። ሞርሞኖች በአንድ አካባቢ ተሰብስበው ስለሚኖሩና ወዳጅነታቸውም በብዙው እርስ በርስ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው አሜሪካዊ የሞርሞን ወዳጅ የለውም። እነዚሁ ጸሐፊዎች እንዳገኙት፣ ሰው ከሌላ ሃይማኖት አንድ ወዳጅ ሲያገኝ ስለዚያ ሃይማኖት ያለው አስተያየት ይሻሻላል።

ሆኖም መገናኘት ብቻውን አይበቃም። በሚዙሪም ሰዎቹ ተገናኝተው ነበር፤ የተገናኙት ግን በመሬትና በሥልጣን ተፎካካሪ ሆነው ነው። ኦልፖርት በ1954 እንዳስረዳው መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ አንድ ዓላማ ሲኖራቸው፣ ተባብረው ሲሠሩና ይህንንም ሕግ ወይም ልማድ ሲደግፈው ነው።

ለዚህ በ1983 ጸደይ በሶልት ሌክ ሲቲ የደረሰው የጎርፍ አደጋ ጥሩ ምሳሌ ነው። በተራራው ላይ የነበረው በረዶ በአንድ ጊዜ ቀልጦ ሲመጣ የከተማይቱ ዋና መንገድ ወንዝ ሆነ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አሸዋ በከረጢት እየሞሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገደቡት። የአጥቢያዎቹ አደረጃጀት ሰውን በፍጥነት ለመጥራት ጠቀመ፤ ከረጢቱን የሚሞሉት ግን የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ውሃው የማን ቤት የማን እንደ ሆነ ስለማይለይ ዓላማው አንድ ነበር፤ አካፋ የያዘውም ሰው ከጎኑ ካለው አይበልጥም አያንስም ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ስለ ሞርሞን ጎረቤቶች ከሚባለው ነገር የብዙ ሚስቱ ጕዳይ ጊዜው ያለፈበት ነው። የመሪ ትእዛዝ ሁሉ ሳይጠየቅ ይፈጸማል የሚለው በ1933 ምርጫ ይፈርሳል። የቡናው ነገር ወሰን እንጂ ንቀት አይደለም። የዘሩ ክልከላ እውነተኛ ታሪክ ሲሆን በ1978 ተነሥቷል። የመገለሉ ቅሬታ ግን ዛሬም ሊመረመር የሚገባው ነው። ምክንያቱም የዋርዱ ጥቅምና ጕዳት ከአንድ ምንጭ የሚመጡ ናቸው፤ አባሎቹን አጥብቆ የሚያስተሳስረው ገመድ ሌላውን በውጭ ያስቀራል። ገመዱ ይፈታ ማለት አባሎቹን መጕዳት ነው፤ የተሻለው በአጥቢያው ውስጥ የሌለ ሰው ጭምር የሚገናኝበት ሥራ በየሰፈሩ እንዲኖር ማድረግ ነው።

ጕዳዩ ለዩታ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስለን። በእኛም አገር አንዱ አጥቢያ፣ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ጸሎት ቤት የሰፈሩን ሰው በብዛት የሰበሰበበት ቦታ ሞልቷል። በእነዚህም ሰፈሮች ቍጥሩ አነስተኛ የሆነው ወገን ልጅ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ የሐዘኑስ ድንኳን ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ይቻላል። ከጓደኞቻችን መካከል ይህን ጥያቄ ይዞ በሚያውቀው ሰፈር ምርመራ የሚያደርግ ቢገኝ፣ ለዚህ መጽሔት ጠቃሚ ጽሑፍ እንደሚያበረክት እናምናለን።